የሌለው ዳቦ ቤት

ኔቪል ትራንተር ሠላሳ አራት ዓመት በሜልበርን ጎዳናዎች ላይ ትራም የሚባለውን የከተማ ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሚስቱ ሞተችበት። ቤቱ ጭር አለበት፤ ከሰው ጋር ማውራት እንደ ውሃ ጠማው። ስለዚህ ከተማውን በነጻ ለእንግዳ ከሚያሳዩት ባለ ቀይ ካፖርት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ለመሆን ቆርጦ ተነሣ። የመግቢያ ፈተናውን ግን ሁለት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛው የመጨረሻ ዕድሉ ነው።

የሚጥለው የአገሩ ሰው ሁሉ ያለበት አመል ነው። መንገድ ሲጠቁም፣ ከፈረሰ ሃያ ዓመት ያለፈውን ነገር ምልክት ያደርጋል። «የድሮው ሲኒማ ጋ ስትደርሱ ታጠፉ» ይላል። ምስኪን እንግዳ የሌለ ሲኒማ ሲፈልግ ይውላል።

በፈተናው ቀን፣ የከተማው ሰው ሁሉ በሚቀጣጠርበት በባቡር ጣቢያው ሰዓቶች ሥር ስድስት እንግዶች ተረከበ። ፈታኟ ግሌኒስ፣ ጡረተኛ አስተማሪ ናት፤ ወረቀቷን ይዛ ከኋላ ተከተለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አንደበቱ ማር ሆነ። እንደ ሜልበርን ሰማይ አመል በአንዴ ዘነበ፣ ፀሐይ ወጣ፣ በረዶም ጣለ፤ እሱ ሹራቡን እያወለቀ እያጠለቀ ያሥቃቸዋል።

«ሽንት ቤት የት ነው?» አለች አንዲት እንግዳ።

«ቀላል ነው! ዳውሰት ዳቦ ቤት ጋ ወደ ቀኝ!»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ኔቪል ሁለቱም ደርሰውበታል። በዳቦ ቤቱ ቦታ ላይ ፎቅ ከቆመ ቆይቷል። ግሌኒስ እስክሪብቶዋን ስታነሣ አይቶ «በቃ፣ ወደቅኩ» አለ በልቡ።

«ቀኝ?» አለች ግሌኒስ። «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ዳውሰት በግራ ነበር!»

«በቀኝ ነው አልኩሽ! ስንት ዓመት ፊቱ ትራም አቁሜያለሁ!»

«ታዲያ እኔ በልጅነቴ በየቅዳሜው ሥጋ የታጨቀበትን ፓይ የገዛሁት ከአየር ላይ ነው?»

«ድሮም አስተማሪ አይረታም!»

«የትራም ሾፌርስ? ሐዲድ ካልተዘረጋለት መታጠፍ አያውቅ!»

እንግዶቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ሽንት ያጣደፋት ሴት ብቻ «ኧረ በናታችሁ!» ብላ ጮኸች፤ እየተሟገቱ አደረሷት። ጉብኝቱ ሲያልቅም አንድም ሰው አልሄድም አለ። «እዚህ ጋስ ምን ነበር?» እያሉ ሌላ አንድ ሰዓት አዞሩት። ኔቪል ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሲለያዩ ግሌኒስ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችው። እዚያው ቆሞ ገለጠው።

«አልፏል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ በትልልቁ፦ «ዳቦ ቤቱ ግን በግራ ነበር።»