የጽጌ እግር ልክ

ከአገሬ ከዘመሮ ወደ ስዊድን የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። ልጄ ጽጌ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቀስቅሼ ከምትለብሰው የበግ ፀጉር ባና ክር መዘዝኩና የእግሯን ልክ ለካሁ። «ከተማርሽ ጫማ እልክልሻለሁ፤ ካልተማርሽ የለም» አልኳት። ሳልስማት ወጣሁ።

የስዊድን ብርድ እንደ እኛ ደጋ እንደ ጓሳ ውርጭ እንዳይመስላችሁ። የጓሳው ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል፤ የዚህ አይለቅም። ያከራየኝ ሰውዬ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በሬን አንኳኳ።

«ስንት ሰው ነው እዚህ የሚኖረው?»

«አንድ።»

«የሽንኩርቱ ሽታ ግን የሦስት ሰው ነው።»

«ሁለቱ አገር ቤት ናቸው» አልኩት። አልሳቀም።

ሥራዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወለል ማጽዳት ነው። አንድ ቀን ኢንግሪድ የምትባል ተመራማሪ ኮምፒውተር ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠች ደብዛዛ ብርሃን አየሁና ጠየቅኋት። ዓለም ገና በልጅነቷ ሳለች የነበረች ጋላክሲ ናት አለችኝ፤ የከዋክብት መንጋ ማለት ነው።

«ይህን ያህል ትልቅ ናት?»

«ኧረ ትንሽ ናት። ከፊቷ ከባድ የጋላክሲዎች ክምችት ቆሟል። ክብደቱ ብርሃኗን አጎብጦ፣ አጉልቶና ለጥጦ ያሳየናል። ያለ እሱ ጨርሶ አናያትም።»

«ታዲያ እውነተኛ ልኳን በምን ታውቂያለሽ?»

«መጀመሪያ ከፊቷ የቆመውን እመዝናለሁ። ስንት እጥፍ እንዳጎላት ካወቅሁ የሚታየኝን መጠን በዚያው አካፍላለሁ። ክብደቱን ከሳትኩ የእሷንም ልክ እስታለሁ።»

ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት ይዤ ስለዚሁ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ዘንድሮ አንድ የመርሐቤቴ ሰው ወደ አገር ሊሄድ ሲነሣ ጫማውን ልልክ አሰብኩ። ክሩ ግን ስድስት ዓመት አልፎታል። ባለቤቴ በላከችልኝ ፎቶ ላይ ጽጌ ደጃፍ ተቀምጣ እግሯን ወደ ፊት ዘርግታለች። በሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስፋቱን አውቃለሁ። እግሯን ከበሩ ስፋት ጋር አመዛዝኜ ልኳን አወጣሁ። ኮራሁም።

ጫማው ሲደርስ ደወልኩ።

«ልክሽ ነው?»

«ልኬ ነው፣ አባባ። እግዜር ይስጥልኝ።»

እናቷ ከወዲያ ጮኸች። «የበግ ፀጉር ጠቅጥቃበት ነው የምትሄደው! ምን አለ እውነቱን ብትነግሪው?»

«ይቆጡኛላ» አለች ጽጌ ቀስ ብላ።

ፎቶው ሲነሣ እግሯ ከበሩ ይልቅ ለካሜራው ቀርቦ ኖሯል፤ ስለዚህ ገዝፎ ታየኝ። ይህ ቀላሉ ስህተቴ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ «ተማርሽ? ጸለይሽ?» ስላት «አዎ፣ ደኅና ነኝ» ስትለኝ የኖረችው እኔን ፈርታ ነው። በእኔና በእሷ መካከል የቆመው ከባድ ነገር እኔው ነኝ፤ እሱን አንድ ቀን መዝኜው አላውቅም። እናንተም ርቃችሁ ልጅ የምታሳድጉ፣ አስቀድማችሁ ራሳችሁን መዝኑ።

«አልቆጣሽም። በይ አሁን ለኪና ንገሪኝ» አልኳት።

ለክታ «አንድ ስንዝር ከሦስት ጣት» አለችኝ።

«በማን ስንዝር?»

«በእኔ ነዋ፣ አባባ።»

ስልኩን እንደያዝኩ በሌላ እጄ ጠረጴዛው ላይ ስንዝሬን ዘረጋሁ። የእሷ የት ድረስ እንደሚደርስ አላውቅም።