ትራሱ ወደ ግርጌ

እትዬ ዩቻይ ሰው ቤት ገብተው እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ሻይ ሲቀርብላቸው እንኳ ልባቸው ሌላ ቦታ ነው፦ በሩ ወዴት ይከፈታል፣ ምድጃው ከቧንቧው ምን ያህል ይርቃል፣ መስታወቱ ማንን ያያል። ሉካንግ ከተማ ውስጥ፣ እኛ በምንኖርበት ጠባብ መንገድ፣ እሳቸው ያላዞሩት ቁም ሣጥን የለም ማለት ይቻላል። ቤትና ዕቃን መልካም ዕድል በሚያመጣ አቅጣጫ የማስቀመጥ ጥበብ የሆነውን ፌንግ ሹዊን የተማሩት ከአባታቸው ነው። አባትየው ኮምፓስ ይዞ መንደር ለመንደር እየዞረ ለሰው የቤትና የመቃብር ቦታ ይመርጥ ነበር። እሳቸው ጠዋት ቤተ መቅደሱ በር ላይ የዓሣ ሾርባ ይሸጣሉ፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ቤት ያቃናሉ። ክፍያ አይቀበሉም፤ ብርቱካን ከሰጧቸው ግን እምቢ አይሉም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታቸው። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥሩ መጥተው በራፌ ላይ ቀጥ አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ጀርባሽን ለበር ሰጥተሽ ነው የምትሰፊው? ከኋላ የሚመጣብሽን ማን ያይልሻል?"

"ማን ይመጣብኛል እትዬ? ደንበኛ እንኳ ከመጣ ስንት ጊዜው!"

"ታዲያ ለምን ይምጣ? ገብቶ ጀርባሽን ሊያይ?"

መልሴን ሳይጠብቁ የስፌት መኪናዬን መጎተት ጀመሩ። ተናደድኩ፤ ቤቱ የኔ ነው እኮ! ግን ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ስሰፋ ትከሻዬ ቀለለኝ፣ መንገደኛውም ሰላም ይለኝ ጀመር። ይህን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ወጥ ቤቴንም አይምሩትም ነበር።

እኚህ ሴት ናቸው የገዛ ቤታቸውን መንካት ያቆሙት።

ልጃቸው ጂንሹን ፔይሹዋንን አግብቶ እናቱ ቤት ነው የሚኖረው። የባልና ሚስቱ አልጋ ራስጌው ከጣሪያው ወፍራም ወራጅ እንጨት ሥር ነበር። ወራጅ ደግሞ የተኛን ሰው ይጫናል። እትዬ ዩቻይ አንድ ቀን ልጆቹ በሌሉበት አልጋውን ገፍተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። በዚያው ሳምንት ፔይሹዋን አስወረዳት። አማትየው ማርገዟን እንኳ አያውቁም ነበር። እርጉዝ ባለችበት ቤት አልጋ አይነካም፣ ሚስማርም አይመታም፤ የፅንሱ ጠባቂ መንፈስ ዕቃው ውስጥ ስለሚያድር እሱን ያስደነገጠ ሕፃኑን ያስደነግጣል። ጂንሹን ትንፍሽ ሳይል አልጋውን ወደ ድሮ ቦታው መለሰው። ያ ዝምታ እትዬ ዩቻይን ከስድብ በላይ ጎዳቸው። ይባስ ብሎ ልጅየው ታይቹንግ ከተማ ቤት እንከራይ ማለት ጀመረ።

ፔይሹዋን እንደገና ስታረግዝ እትዬ ዩቻይ ደስታውንም ፍርሃቱንም መያዝ አቃታቸው። በዚያ ቤት ወንበር እንኳ ወዲህ ወዲያ አይልም። እኔ መቀሴን የምሰቅልበት ሚስማር በጋራ ግድግዳችን ላይ ልመታ ስል ሮጠው ገብተው መዶሻውን ከእጄ ነጠቁኝ።

"የልጅ ልጄን ልትገድይብኝ ነው?"

"ኧረ እትዬ፣ የኔ ቤት ግድግዳ ነው!"

"ያንቺስ ቢሆን፣ በዚያ በኩል እኛ አይደለን?" ብለው ቁጭ አሉና ፊታቸው ጠወለገ። "አልጋውን ብተወው ወራጁ አለ፣ ባነሳው መንፈሱ አለ። እስኪ ምን ላድርግ?"

እኔ ምን አውቃለሁ? መዶሻዬን ሳይመልሱልኝ ሄዱ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወገቡን የለቀቅሁላትን ቀሚስ ላደርስ ስሄድ፣ ፔይሹዋን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ይዛለች። አማቷ በሳህን የያዙትን የአትክልት ቅጠል እየቀነጠሱ በሩ ላይ ቆመዋል።

"እማማ፣ ራሴን እያመመኝ ነው" አለች። "ለሰፈሩ ሁሉ አልጋ ያዞራሉ፣ የኔን ግን ዞር ብለው አያዩትም። ምን አድርጌዎት ነው?"

እትዬ ዩቻይ ሳህኑን አስቀመጡ።

"አንዴ አዙሬው የሆነውን አየሁ አይደል! ልጅሽን በዚህ እጄ ገደልኩት። ደግሜ ልንካው?"

እኔ ቀሚሱን እንደያዝኩ የምገባበት ጠፋኝ። ፔይሹዋን ከአልጋው ጫፍ ተነሳች።

"እማማ፣ ያን ቀን እኮ ከሐኪም ስመለስ ነው አልጋው ዞሮ ያገኘሁት። ሐኪሙ የልጁ ልብ መምታት ካቆመ ሰንብቷል ነው ያለኝ። እርስዎ አልጋውን ሲገፉ እሱ ከሄደ ቆይቷል።"

"ታዲያ ለምን መለሳችሁት?"

"ጂንሹንን የለመንኩት እኔ ነኝ። መስኮቱ ጋ ስተኛ ያ ቀን እየታወሰኝ እንቅልፍ አጣሁ። እርስዎ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ፊትዎን ያዞሩብኛል። ልጅ መያዝ ያልቻለች ብለው የፈረዱብኝ መሰለኝ።"

"እኔ? እኔ እኮ ዓይንሽን ማየት አፍሬ ነው!"

ተቃቅፈው ተላቀሱ። እኔም በያዝኩት ቀሚስ እንባዬን ጠረግሁ።

ቀድማ የተረጋጋችው ፔይሹዋን ናት። ትራሷን አንስታ ወደ ግርጌ ወረወረችና ጋደም አለች።

"ትራስ በየቀኑ ይነሳ የለ? መንፈሱ በዚህ አይቆጣም።"

እትዬ ዩቻይ ወራጁን አዩ፣ በሩን አዩ፣ አጎንብሰው መስኮቱን አዩ። የሚያወጡለት እንከን ፈልገው ፈልገው አንድ አገኙ።

"ወራጁ አሁን እግርሽን ይጫናል።"

"ይጫነው እማማ፣ የትም አልሄድም።"

ሴት ልጅ ተወለደች። የአራስ ቤቱ ወር፣ በዝንጅብልና በሰሊጥ ዘይት ከሚሠራው የአራስ ዶሮ ጋር፣ በሰላም አለቀ። ከዚያ በኋላ ዕቃ ማንሳት ይቻላል። አልጋውን አብሬ ልገፋ እጅጌዬን ሰብስቤ ሄድኩ። እትዬ ዩቻይን ያገኘኋቸው የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው ነው። ፔይሹዋን ራሷን በግርጌ በኩል አድርጋ፣ ሕፃኗን ብብቷ ሥር ይዛ ተኝታለች።

"እንጀምር እንዴ?" አልኳቸው።

"ዝም በይ፣ ይተኙበት" አሉኝና በሩን ቀስ አድርገው መለሱት።