የእኔ ነው ያልኩት ድሪቶ

በሸዋ ሮቢት ገበያ ከእኔ የሚስተካከል ሰፊ እንደሌለ ሃያ ዓመት ሙሉ ስናገር ኖሬያለሁ። የሰማኝ ሰው ብዙ ነው፤ ያመንኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ስሜ ሷሊሕ ይባላል። ሥራዬ ድሪቶ መስፋት ነው። ድሮ ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር፤ «የአልጋ ልብስ በሉ እንጂ!» እያልኩ ስንቱን ደንበኛ አስቀይሜያለሁ። ስሙን ብቀያይረውም ነገሩ ያው ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ይጋጠማል፣ መሐሉ ጥጥ ይሞላበታል፣ ከሥር ገበር ይለብስና ዙሪያውን ይሰፋል። የእኔ ከሌላው የሚለየው ከላዩ አበባ ስላለው ነው።

የስፌት መኪናዬ ወደ ቤታችን የገባችው ጣሊያን ከመምጣቱ አሥራ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለእርሻ እንደማልሆን በልጅነቴ ገብቶታል። ማሽላ አርም ብሎ ሲልከኝ ማሽላውን ነቅዬ አረሙን ትቼ እመለስ ነበር። ስለዚህ አሊዩ አምባ ገበያ ሄዶ ለአንድ የየመን ነጋዴ ግመሉን ሰጠና በእግር የምትረገጥ የልብስ ስፌት መኪና ይዞ መጣ። እናቴ ለግመሉ ሦስት ቀን አለቀሰች። መኪናዋ ላይ ተቀምጬ ስሰፋ ካየችኝ በኋላ ደግሞ እንደገና አለቀሰች።

አበባዋን እንዴት አሰብካት የሚሉኝ አሉ። ወላሂ አላሰብኳትም፣ አቃጠልኳት። እትዬ ከበቡሽ የሚባሉ የቀወት ሴት ለልጃቸው ሠርግ ያሰፉትን የአልጋ ልብስ ስተኩስ ወሬ ይዤ ካውያውን ረሳሁት፤ ጨርቁ መሐል እንቁላል የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ። ሠርጉ በማግስቱ ነበር። ከሥሩ ጨርቅ ለጠፍኩና ጨርቁን የሚጫነውን ብረት አንሥቼ፣ በእግሬ እየረገጥኩ፣ ልብሱን በሁለት እጄ ከመርፌው ሥር ማሽከርከር ጀመርኩ። አራት የአበባ ቅጠል በቀይ ከሰፋሁ በኋላ ቀዩ ክር አለቀብኝ። አምስተኛውን ቅጠል በሰማያዊ ጨርሼ አላህ ከእትዬ ከበቡሽ እጅ እንዲያወጣኝ ዱዓ አደረግኩ።

እሳቸው ሲያዩት እልል አሉ። ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። «አንዷ ቅጠል ለምን ሰማያዊ ሆነች?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «ምልክቴ ናት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሳላቃጥልም አበባ መስፋት ጀመርኩ፤ ቀይ ክር እያለኝም አንዷን ቅጠል በሰማያዊ እሰፋለሁ። እንዲህ ነው እንግዲህ የጥበብ ሰው የሆንኩት።

አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ የምደብቀው። አበባዬ ከፊት ሲያዩት ደስ ይላል፤ ከኋላው ግን የታችኛው ክር ተተብትቦ፣ ተቋጥሮ፣ ተንጠልጥሎ ለማየት ያሳፍራል። ገበር የምወደው ለዚህ ነው። ገበያው ዳር ባለው የቤቴ በረንዳ ላይ ከእኔ ጋር የሚሰፋው አብዱሰላም ሱሪና ጀለቢያ ብቻ የሚሰፋ፣ ከቀጥታ መስመር ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ምሥጢሬን ግን ያውቃታል። «ሷሊሕ» ይለኛል፣ «ያንተ አበባ ከፊት ጀነት ነው፣ ከኋላ ጀሀነም።» ቅናት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ባለቤቴ መሊካ ጥጥ ፈታይ ናት። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ መኪና ላይ የሚቀመጠው ወንድ ነው። ሴት መኪና ረገጠች ቢባል ባሏ ከጫት በርጫ ጓደኞቹ ፊት ቀና ብሎ አይሄድም። እኔ ደግሞ በርጫዬን የማቋርጥ ሰው አይደለሁም። ከቀትር የዙሁር ሶላት በኋላ መኪናዬን ወደ ቤት አስገብቼ እወጣለሁ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እመለሳለሁ። ክሬ በየጊዜው ሲያንስብኝ አይጥ ነው አልኩና ወጥመድ ገዛሁ። ወጥመዱ አንድ ቀን የራሴን ጣት ከመያዙ በቀር ምንም አልያዘም።

ጣሊያን ሲገባ ሰው ሁሉ የሆነውን ሆነ። ስንቱ ወደ ጣርማ በር ገደል ወጥቶ ሸፈተ፣ ስንቱ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ፈለጠ። የመሊካ ወንድም ቃሲም ከሸፈቱት ጋር ወጣ። እኔ ምን አደረግኩ? ለጣሊያኖቹ ካምፕ ካፒቴን የአልጋ ልብስ ሰፋሁ። ያፈርኩበት ቆይቶ ነው፤ ያኔስ ኮርቼበታለሁ። «ባሕር የተሻገረ ሰው እንኳ የእኔን አበባ ለብሶ ይተኛል» እያልኩ ገበያ ለገበያ አወራሁ። መሊካ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየችኝና እንዝርቷን ማሾር ቀጠለች። ሙሉ ቀን አላናገረችኝም፤ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ አሰብኩ።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ወታደሮች መጥተው ከበረንዳው አነሱኝ። መኪናዬንም ሁለት ሰው ተሸክሞ ተከተለን። ገበያው መሐል ትልቅ ሾላ አለ፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ሰው የሰቀሉበት። ካፒቴኑ ከሥሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አስተርጓሚው ፀጋዬ ቆሟል። መሬቱ ላይ አንድ ድሪቶ ተዘርግቷል።

«ይህ ድሪቶ» አለ ፀጋዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጣርማ በር ላይ ሽፍቶች ጥለውት ሲሸሹ የተገኘ ነው። ካፒቴኑ እንዲህ ይላሉ፦ እኔ አልጋ ላይ ያለው አበባና ይህ አበባ አንድ ነው። ለሽፍታ የሰፋ ሰው ከሽፍታ አይለይም፣ ዛሬ እዚህ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። አንተ ነህ የሰፋኸው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አራት ቀይ ቅጠል፣ አንድ ሰማያዊ። የእኔ ምልክት። ወታደሮቹ ደብዳቤ ተሸሽጎበት እንደሆነ ብለው ገበሩን ቀደውታልና ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ንጹሕ ነው። አንድም የተተበተበ ክር የለም፤ ስፌቱ ከኋላም እንደ ፊቱ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ የእኔ አይደለም! አፌን ከፍቼ ልናገር ስል የክሩን ጫፍ አየሁ። ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ የተቋጠረ ነው። ይህችን ቋጠሮ አውቃታለሁ። ለብሼው የቆምኩት ሸሚዝ ላይ ቁልፎቹ የተተከሉት በእሷ ነው። የተከለቻቸውም መሊካ ናት።

እዚያ ቆሜ የገባኝን ነገር ሁሉ ብጽፈው ቀን ይመሻል። አይጧ ማን እንደሆነች ገባኝ። ወንድሟ ቆላ ተወልዶ በደጋ ብርድ እንዴት እንዳደረ እኔ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ እንደማላውቅ ገባኝ። ከሁሉ በላይ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አንገቴ ላይ ገመድ ሊገባ ሲል መጀመሪያ የተሰማኝ ቅናት ነው። አበባዋ ከእኔ አበባ ትበልጣለች።

ቀና ስል መሊካ ከሰዉ ጠርዝ ላይ ቆማለች። ሻሿን አጥብቃ ይዛ አንድ እርምጃ ወደፊት ስትራመድ አየሁ። ልትናገር ነው። ያኔ ቅናቱም ኩራቱም ጠፋብኝ፤ ከእሷ በቀር ምንም አላየሁም።

«የእኔ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ነኝ የሰፋሁት! እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ በይፋት ምድር ማን አለ?»

ሰዉ አጉረመረመ። ሷሊሕ ጉራው ዛፍ ላይ ሊያወጣው ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? መሊካ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ያኔ አብዱሰላም ሰዉን እየገፋ ወጣ። «ጌታዬ፣ ይዋሻል!» አለ ወደ ፀጋዬ። «ይሄ ሰው ስድሳ ዓመት ቢማር ይህን መስፋት አይችልም። ጀርባውን እዩት እስቲ! የሷሊሕ ስፌት ጀርባው ዶሮ የጫረው ጭድ ነው። እኔ አሥር ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።»

«ዝም በል!» አልኩት። «ቅናተኛ!»

«ምን ያስቀናኛል? በአላህ፣ ጀማዓ፣ መስክሩ እንጂ! ሰው ሊሞት ነው!»

መሰከሩ። አቤት አመሰካከራቸው! አንዱ ካሰፋው ልብስ ሁለት ክንድ ክር እንደመዘዘ ተናገረ። ሌላው ገበሩ ሲቀደድ ልጁ ደንግጦ እንዳለቀሰ ተናገረ። እትዬ ከበቡሽ ሳይቀሩ፣ አምላክ ዕድሜያቸውን ያርዝመውና፣ ከሰዉ መሐል ሆነው «እኔስ ያን ጊዜ ጀርባውን አይቼ ለይሉኝታ ዝም አልኩ እንጂ» አሉ። ያን ዕለት ያልሰደበኝ ሰው ቢኖር ገበያ ያልወጣ ነው።

ካፒቴኑ የራሱን የአልጋ ልብስ ከካምፕ አስመጣና ገበሩን በጩቤ ቀደደው። ያየውን አልነግራችሁም። ከዚያ መኪናዬን አስቀረበና በፀጋዬ አፍ «ስፋ» አለኝ።

ሰፋሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሳምሬ መስፋት የፈለግኩበት ጊዜ የለም። ንጹሕ ከወጣልኝ የእኔ ነው ይባላል፣ መሊካ ትተርፋለች። ጥርሴን ነክሼ፣ ቀስ ብዬ፣ ቢስሚላህ ብዬ ጨርቁን አዞርኩ። ላቤ አበባው ላይ ይንጠባጠባል። ጨርሼ ስገለብጠው ከዚያ በፊት ከሰፋኋቸው ሁሉ የከፋ ነበር። አንዱ ወታደር እንኳ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ ከፍርሃት መስሏቸዋል።

ካፒቴኑ ሁለቱን አስተያየና አንድ ነገር ተናገረ። ፀጋዬ ሳቁን ውጦ ተረጎመው፦ «ይህ ሰው ጉረኛ ነው። ያኛውን የሰፋው ትልቅ ከተማ የተማረ ሰፊ ነው፣ ደሴ ሄዳችሁ ፈልጉ። ለዚህኛው ለውሸቱ አሥር ጅራፍ።» በስፌቴ ምክንያት ሊገርፉኝ የሚፈልጉ ደንበኞች ብዙ ነበሩ፤ ደርሶ የፈጸመው ጣሊያን ሆነ። ከሾላው ሥር መሊካ ቆማ ነበር። ወታደሮቹ የደሴን ሰፊ ሊፈልጉ የጭነት መኪናቸውን አስነሥተው ሲሄዱ አጠገቧ ነው ያለፉት።

ቤት ገብተን ጀርባዬን ቅቤ ቀባችኝ። ድሪቶውን በላይነሽ የምትባል ጥጥ ሻጭ ከጥጧ ሥር ሸሽጋ ደጋ እንዳወጣችው ነገረችኝ። ለቃሲም እንኳ ማን እንደሰፋው አላስነገረችም።

«አበባውን ለምን ጨመርሽበት?» አልኳት። «ለጦር ሜዳ አበባ ምን ይሠራል?»

«ጨርቁ ቀዳዳ ነበረው።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አንተ ነሃ። ስትሰፋ አይሃለሁ፤ የምታደርገውን እያየሁ እሱን እተወዋለሁ።» ከዚያ እጇ ጀርባዬ ላይ ቆመ። «የእኔ ነው ስትል ለምን እንደሆነ አውቄያለሁ» አለችኝና አለቀሰች። ልወደስበት በምችለው በዚያች አንዲት ነገር ከእሷ ሌላ ምስክር አልነበረኝም፤ ይበቃኝ ነበር ብል ደግሞ እዋሻለሁ።

ጣሊያን በወጣ ዓመት ባላምባራስ ተሰማ የሚባሉ የአርበኛ አለቃ ከቃሲም ጋር ሮቢት ወረዱ። በገበያው ቀን በቀጥታ ወደ በረንዳችን መጡ። ቃሲም በጣቱ አመለከተኝ። «ያ ድሪቶ ከዚህ ቤት ነው የመጣልን» አላቸው፣ «አማቼ ነው የሰፋው።»

ባላምባራስ ትከሻዬን ጨበጡኝ። «በዚያ ብርድ ሁለት ቁስለኞች ጠቅልለንበት ነፍሳቸው ተርፏል» አሉ ሰዉ ሁሉ እየሰማ። «ሌላው ቢቀር አንተ የሠራኸውን አገር ይወቅልህ።» ቃሲም እጄን ሳመ። አብዱሰላም መርፌውን አቁሞ አፉን ከፍቶ ያየኛል። መሊካ በሩ ላይ እንዝርቷን ይዛ ቆማለች፤ እንድል የምትፈልገው ነገር እንዳለ ፊቷ ላይ አይታይም።

ሃያ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። የእኔ ነው ለማለት አንድ ጊዜ ራሴን ነቅነቅ ማድረግ ይበቃኝ ነበር። ከሾላው ሥር «የእኔ ነው» ያልኩት ሳላስብ ነው፤ ይሄኛውን ከመናገሬ በፊት ግን በሩ ላይ ወደቆመችው መሊካ አየሁ።

«የእኔ አይደለም» አልኩ። «የመሊካ ነው።»

«መሊካ ማን ነው?» አሉ ባላምባራስ ወደ ሰፊዎቹ እየተመለከቱ።

«ሚስቴ ናት» አልኩና ከመኪናዋ ተነሥቼ ወንበሩን ለቀቅኩላት። እሷ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብስባ መጥታ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ በመከራ ዋጥኩት።