የወታደሩ የክርስትና ስም

ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን እጠግናለሁ። ማሽን ሲቆምባቸው ባለቤቶቹ «የጀርመኑን ዘር ጥሩት» ይላሉ። እኔም እደርስና፣ ገና መፍቻ ሳላነሣ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ ትንሽ እቆማለሁ። ለታይታ ነው። ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ቺንጊያ ነው፤ ማንም ሊያጠብቀው ይችላል። የጀርመን ዘር ሲያጠብቀው ግን ይበልጥ የሚጠብቅ ይመስላቸዋል፤ እኔም ኖሬበታለሁ።

ጀርመኑ የእናቴ አያት ነው። ለምን ወደዚህ አገር እንደመጣ ቤታችን ውስጥ አንድ ዓይነት ወሬ ተነግሮ አያውቅም። አንዱ ድልድይ ሊሠራ ነው ይላል፤ ሌላው የወፍጮ መካኒክ ነበር ይላል፤ አንድ ዘመዳችንማ ሰላይ ነበር እያለ ሲያወራ ደረቱ ይነፋል። ሁሉም የሚስማሙበት ፎገራ ገብቶ፣ ቁሐር ሚካኤል አጠገብ ጎጆ ቀልሶ፣ የአገሩን ልጅ አግብቶ አንድ ወንድ ልጅ እንደወለደ ነው። ልጁ ገና በእግሩ ሳይሄድ ጀርመኑን ወባ ገደለው። በሃይማኖት ስላልተባበረ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቀበሩት። የቀረችን ከጀርባዋ ስሙና የተወለደበት መንደር ስም የተጻፈባት አንዲት ፎቶግራፍ ናት።

ልጁ ግን በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቷል። አድጎም ወታደር ሆነ። እናቴ አባቷ ወታደር የሆነው በእልህ ነው ትላለች። ቀላ ያለ ስለነበር የሠፈር ልጆች «ጣሊያን» ይሉታል፤ ጀርመንና ጣሊያንን ማን ይለይለታል? «ጣሊያን ላገሩ እንዴት እንደሚሞት አሳያችኋለሁ ብሎ ነው የዘመተ» ትላለች። ሃምሳ አለቃ ሆነ። እናቴ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ወደ ሰሜን ሄደ፤ በዚያው ቀረ። መርዶ የሚያረዳም፣ አየሁት የሚልም ሰው አልመጣም። ሚስቱ ጠብቃ ጠብቃ ልጇን ይዛ ወደ ወላጆቿ፣ ወደ አንበሳሜ ተመለሰች። እናቴም ኋላ አግብታ ወረታ ገባች። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰባችን ቁሐርን የረገጠ አልነበረም።

ለወታደሩ ተዝካር አልወጣለትም። እናቴ «መርዶ ሳይሰሙ ተዝካር ማውጣት ሰውን በቁሙ መቅበር ነው» እያለች አርባ ምናምን ዓመት ኖረች። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት፣ አንድ ቀን ጠራችኝ።

«አባቴ ቢኖር እንግዲህ ዘጠናን ሊጠጋ ነው» አለችኝ። «ሞቷል። እኔም ሳልከተለው ስሙ ይጠራልኝ።»

ችግሩ ስሙ ነበር። ለሙት የሚጸለየው በክርስትና ስም ነው፤ ወታደሩን ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው በዓለም ስሙ ብቻ ነው። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱ፣ የክርስትና አባቱና ሚስቱ ሁሉም አልፈዋል። የእናቴ የንስሐ አባት «ስሙ ባይታወቅም እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ እንጸልይለታለን» ብለዋት ነበር።

«እግዜርማ ያውቃል አባ» አለቻቸው። «እኔ ነኝ የማላውቀው።»

አንድ ሰው ቀርተው ነበር። የወታደሩ የንስሐ አባት፣ ያን ጊዜ ወጣት ቄስ የነበሩ፣ አሁንም ቁሐር እንዳሉ ሰምታለች። «ሂድና ጠይቀህ አምጣልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ጠዋት ከወረታ የተነሣ ሰው ቁሐር ለምሳ ይደርሳል። እኔን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ሰበብ አላጣሁም። መጀመሪያ ክረምቱ ገባ፤ ክረምት ሲገባ ቁሐር ውሃ ነው፤ ውሃው ይጉደል አልኩ። ውሃው ሲጎድል ሩዙ ደረሰ፤ ሩዝ ሲደርስ ደግሞ እኔ እንኳን ቁሐር ቤቴም አልገባም። መንገድ የተዘጋበት ጊዜም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከተዘጋበት ቀን የተከፈተበት ይበዛ ነበር። እናቴ በየሳምንቱ አትጨቀጭቀኝም። አንዳንዴ ብቻ ምሳ ስታቀርብልኝ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ትላለች። «እሄዳለሁ፣ እማዬ» እላለሁ፤ እበላለሁ።

ትክክለኛው ምክንያት ሌላ ነበር። ጀርመኑን እየፈለግሁ ነበር። በፎቶግራፏ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ በስልኬ አንሥቼ፣ የድሮ ዘር የሚያፈላልጉ ሰዎች ወደሚሰባሰቡበት የኢንተርኔት ገጽ ላክሁት። አንዲት ጡረታ የወጣች ጀርመናዊት መለሰችልኝ። የድሮ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ማንበብ ያስደስታታል። በስልኬ እየተረጎምኩ እጽፍላታለሁ፤ እሷም ትጽፍልኛለች። ቁሐር ለመሄድ ጊዜ ያጣሁት ሰውዬ ለእሷ መልስ ለመጻፍ ግን ማሽን ፈትቼ ትቼ እቀመጥ ነበር። የኛ ሰው «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ እየተጋመሰ ሳለ፣ መልእክቷ መጣ። ጀርመኑ የተጠመቀበትን መዝገብ አግኝታ ፎቶውን ልካልኛለች። የጋሪ እግር የሚሠራ ሰው ልጅ ነው። የተወለደበት ቀን አለ፣ የተጠመቀበት ቀን አለ፤ ሦስት ሰዎች የክርስትና አባትና እናት ሆነውለታል፤ አንዷ የመንደሩ ዳቦ ጋጋሪ ሚስት ናት። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ወረቀት እንደትናንት ጽሑፍ ይነበባል። ዘልዬ ተነሣሁ። እየሮጥሁ እናቴ ዘንድ ሄጄ አንድ በአንድ አነበብኩላት።

እስክጨርስ ሰማችኝ። «እሱማ ታድሏል» አለች። «መንደሩ ሁሉ ጽፎታል፤ ዳቦ ጋጋሪዋ ሳትቀር። የኔ አባትስ?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ተነሥቼ ሄድኩ።

ሜዳው ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። የቄሱን ቤት ያሳየኝ የመጀመሪያው የጠየቅሁት ሰው ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ባለቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«ተየት ነህ፣ ልጄ?»

«ተወረታ ነኝ፣ እናቴ። አባን ፈልጌ ነበር።»

«ኧረ ዘገየህ። ሁዳዴ ሳይገባ ነው የቀበርናቸው።»

እግዚአብሔር ያጽናዎ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ማን እንደሆንሁ ነገርኳቸው። እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«የጀርመኑ ልጅ? የወታደሩ? ሰው አለው እንዴ?»

«አለው፣ እናቴ። ልጁ አለች። የልጅ ልጁ እኔ ነኝ።»

«ምነው ታዲያ!» አሉ። «አባ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ስሙን ይጠሩለት ነበር። ዘመድ የለውም ወይ እላቸዋለሁ። ዘመድ ቢኖረውማ ይኸን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ብቅ አይልም ነበር? ይሉኛል። ሰው የለውም፤ ያለው ሰው እኔ ነኝ ይሉ ነበር።»

እናቴ በየዓመቱ በዚያው ቀን ወረታ ላይ ታስቀድሳለች። የአባቷ ስም እየተጠራ ነበር፤ ጆሮዋ ብቻ ነበር ሌላ ቦታ የቆመው። በእግር ለምሳ የሚደረስበት ቦታ። ስሙን ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የንስሐ ልጆቻቸውን ስም ለኔ ምን ብለው ይነግሩኛል? መቅደስ ውስጥ ሆነው ነው የሚጠሩት።»

«ጽፈው አላስቀመጡም?»

«ደብተር ነበረቻቸው። አምና ክረምት ውሃው ቤት ገባና አበሰበሳት። እኔ ሳዝን እሳቸው ጉዳያቸውም አልነበር፤ ሁሉም በቃሌ ነው አሉኝ።»

አምና ክረምት ሳይገባ ብሄድ ደብተሯ ነበረች። ጥምቀት ላይ እንኳ ብሄድ እሳቸው ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሴትዮዋ እርጎ ሰጡኝ፤ እንዴት እንደጠጣሁት አላስታውስም።

አስፋልቱ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ አንድ ስም መረጥሁ። ብዙ አላሰብኩበትም። ማንም ወንድ ልጅ ሊጠመቅበት የሚችል ስም ነው። በፊቴ የሚታየኝ እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ብቻ ነበር፤ እዚያ ስደርስ «ሞተዋል» የሚለውን ቃል ከአፌ ማውጣት አልችልም ነበር። ለሷ ብዬ ነው እል ነበር ለራሴ። ለራሴ ነበር።

በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «አገኘሃቸው?» አለች።

«አገኘኋቸው።»

ስሙን ነገርኳት። በዝግታ ደገመችው። አንዴ ደግሞ ደገመችው፤ አፏ ላይ የሚስማማ መሆኑን እንደምትሞክር። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጉልበቷ ያመማት አትመስልም ነበር። እሷን እንዲህ ሳያት የዋሸሁት ውሸት ልክ ነው ብዬ አመንኩ። ይህ ነው እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ተዝካሩ ክረምቱ ሳይገባ እንዲወጣ ተቆረጠ። እንግዳ ቆሞ ማስተናገድ እንድትችል ጉልበቷን ትንሽ ፍል ውሃ ይንካው ብላ አምስት ቀን ወንዛዬ ሰነበተች። ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ያመጣኋትም እኔ ነኝ። ስትመለስ ዝም ብላ ነበር፤ ደክሟት ነው አልኩ።

በተዝካሩ ቀን ዳሱ ሞልቶ ነበር። ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፤ እኔ ባጃጅ ስጠብቅ የመረጥሁትን ስም እየጠሩ። እናቴ አለቀሰች። አባቷ በሄደ ጊዜ ልጅ ነበረችና ያን ጊዜ እንዲህ አላለቀሰችም ይሆናል፤ ሴቶቹ ደግፈው እስኪያስቀምጧት ድረስ አለቀሰች። ጎረቤቶቻችን «ይውጣላት፣ የአርባ ዓመት እንባ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ግን ከዳሱ ጀርባ ሄጄ እንጨት የምፈልጥ መሰልሁ። የማንም ባልሆነ ስም ሲጸለይ፣ እውነተኛው ሰው ደግሞ ያን ዓመት የሚጠራው አጥቶ ሲቀር መስማት አልቻልሁም። የቁሐሩ ቄስ አርባ ዓመት የያዙትን ነገር እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጣልሁት።

ክረምቱን እንዲሁ አሳለፍኩት። ጥቅምት ሲያልቅ፣ ኅዳር ሚካኤል ሲቃረብ፣ አልቻልሁም። መብራት ጠፍቶ ማሽኖቹ ቆመው ነበር፤ ቤት ሄድኩ። እናቴ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ሩዝ ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ያ ስም የአባትሽ አይደለም» አልኳት። «ስደርስ ቄሱ ሞተው ነበር።»

ጠጠር ለቅማ ጣለች። ቀና አላለችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ወንዛዬ ላይ ከአንዲት የቁሐር ሴት ጋር ነበር የምንታጠበው። ሁዳዴ ሳይገባ የቀበሯቸውን ቄስ አንሥታ ስታለቅስ ማናቸው አልኳት፤ ነገረችኝ። አንተ አገኘኋቸው ያልከኝ ተፋሲካ ወዲያ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ተዝካሩ ገና አልወጣም ነበር እኮ።»

«ሰው ተጠርቷል፤ ጠላው ተጠምቋል። ቆሜ ልጄ ዋሽቶኛል ልበል?» ሰፌዱን አነጠረችው። «አባቴንማ አጥቼው ነው የኖርሁ፤ ለምጄዋለሁ። አንተን ሰው ፊት ማዋረድ ነው ያቃተኝ።»

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት ያ ሁሉ ለቅሶዋ ትዝ አለኝ። ለማን እንደነበር ጠየቅኋት።

«ላባቴ መሰለህ?» አለች፤ ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

እኔ ሩዙን እያየሁ አለቀስሁ፤ እሷ መልቀሟን አልተወችም። ኋላ ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወረቀት እንዳመጣ አዘዘችኝ። እስኪርብቶና የሥራ ደብተሬን አመጣሁ።

«የኔን ጻፍ» አለች። «የንስሐ አባቴም አርጅተዋል። እንዳባቴ እንዳልቀር።»

እስኪርብቶውን ይዤ ጠበቅኋት። በቀስታ ነገረችኝ፤ ጻፍኩት፤ አንብበው አለችኝ፤ አነበብኩላት። አርባ ዓመት ልጇ ሆኜ የእናቴን የክርስትና ስም ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።