በሶፋው ገንዘብ የተገዛው አውቶቡስ

ጋሽ ፍሬን ስማቸውን ያገኙት ከቀኝ እግራቸው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲያቆም የኖረ እግር ስለሆነ ጡረታ ወጥተሃል ቢባል አልሰማም ብሏል። ቴሌቪዥን ላይ ሕፃን ከሮጠ ወለሉን ይረግጣል። ሚስታቸው ሳህን ይዘው ፈጠን ብለው ካለፉም ይረግጣል። የሳሎኑ ምንጣፍ ከሶፋው ፊት ለፊት፣ በቀኝ በኩል ብቻ፣ ተበልቶ አልቋል። ጥቂት ዓመት ቢታገሡት እግራቸው የታች ቤት ተከራይ ድስት ውስጥ መውጣቱ አይቀርም ነበር።

መንጃ ፈቃዳቸውን ያስነጠቃቸው የዓይን ሐኪም ነው። "ሩቁን አያዩም" አላቸው። ከዚያ ፊታቸው ሲጠቁር አይቶ ሊያጽናናቸው ብሎ፣ "ክንድዎ የሚደርስበትን ግን እንደ ጭልፊት ነው የሚያዩት" ብሎ ጨመረ። ይቺን ነገር ባይጨምር ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ጋሽ ፍሬን ከዚያን ቀን ጀምሮ ክንዳቸው የሚደርስበት መንገድ ሲፈልጉ ከረሙ፤ ነርሷ ልጃቸው የአውቶቡስ መንዳት ጌም ቪዲዮ በስልኳ ባሳየቻቸው ዕለት አገኙት። ከተማው አለ፣ ፌርማታው አለ፣ ዳገቱ አለ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል እጁን የሚያወዛውዝ ተሳፋሪ ሳይቀር አለ።

"ይሄ በስልክ አይነዳም አባዬ" አለች ልጅቷ። "ሥዕሉን ሳይንቀረፈፍ የሚያሳይ ጥሩ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ይፈልጋል።"

"ይገዛል!" አሉ ጋሽ ፍሬን።

"በምን?" የሚል ድምፅ ከማድ ቤት መጣ።

ጥያቄው ልክ ነበር። ቤቱ ውስጥ ያለው ገንዘብ የሶፋ ገንዘብ ነው። የሶፋው ሞላ ከተሰበረ ቆይቷል፤ የተቀመጠበት እንግዳ ሁሉ "እንደምን ናችሁ" የሚለውን ከላይም ከታችም ሆኖ ነው የሚጨርሰው። ባለቤታቸው ደግሞ በቀላሉ የሚታለፉ ሴት አይደሉም። በወጣትነታቸው በዚያው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ ጋሽ ፍሬን እንኳ ያገቧቸው በመስተዋት ሲያዩዋቸው ከርመው ነው።

"እሺ፣ ስማኝ" አሉ ሴትዮዋ እጃቸውን እየጠረጉ። "ሰው ሞልቶ ዳገት የወጣ ላፕቶፕ ካገኘህ ግዛ። ዳገቱ ላይ አንዴ ከተንገዳገደ ግን ገንዘቡ ሶፋ ይሆናል። የምፈርደው እኔ ነኝ።"

ጋሽ ፍሬን ተስማሙ። ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው?

ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር ሱቅ ሲገቡ ሻጩ መጀመሪያ ያመጣላቸው ከፊደሎቹ ሥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ መብራት የሚንቦገቦግ ላፕቶፕ ነው።

"ይሄማ የሙሽራ መኪና ነው" አሉ ጋሽ ፍሬን። "እኔ የመስመር መኪና ነው የፈለግሁት።" ዋጋውን ሲሰሙ ደግሞ ሙሽራውም ጭምር የሚሸጥ መሰላቸው።

ሁለተኛው ቀጭን፣ ድምፅ የሌለው ነበር። ጋሽ ፍሬን ጆሯቸውን ለጠፉበት፣ መዳፋቸውን ከሥሩ አስገብተው ሙቀቱን ለኩ፣ የጠረጴዛውን እግርም ለልማዳቸው እንደ ጎማ መታ መታ አደረጉት። "ሞተሩ አይሰማም እኮ! እንደ ቅቤ ነው!" አሉ። ሻጩ ጌሙን ከፈተላቸው፤ አውቶቡሱ ሜዳው ላይ ተንሸራተተ።

"ባዶ መኪናማ እኔም እነዳለሁ" አሉ ባለቤታቸው። "ሰው ጫንበት።"

ሰው ተጫነ። ዳገቱ ሲጀምር አውቶቡሱ እንደ ፎቶ አልበም ሆነ፤ አንዱ ገጽ ተገልጦ ሌላው እስኪገለጥ ጋሽ ፍሬን ጢማቸው ያደገ መሰላቸው።

"ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ የለውም ማዘር፤ ከዋናው እየተበደረ ነው የሚሠራው" አለ ሻጩ።

"ሶፋ!" አሉ ሴትዮዋ።

"ቆይ እንጂ እመቤት፣ አንድ ቀርቷል" አሉ ጋሽ ፍሬን በላብ ተጠምቀው።

ሦስተኛው ያገለገለ ነው። ወፍራም፣ ግማሹ ፊደል የተፋቀ፣ ማቀዝቀዣ ፋኑ ሲነሳ የሱቁን ደረሰኞች ወደ ጎረቤት ሱቅ የሚያበር። የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ አለው፤ ባትሪው ግን ሞቷል፣ ከሶኬት ከነቀሉት ይጠፋል። ዋጋው ከሶፋው ጋር እኩል የሆነውም ለዚሁ ነው። ልጅቷ የካርዱን ስም በስልኳ አየችና "ይችላል፣ ግን ሁሉን ነገር አይችልም" አለች።

አውቶቡሱ ሰው ሞልቶ ዳገቱን ጀመረ። ገና ከመጀመሪያው ተንፈራገጠ።

"ይሄ ይቆጠራል?" አሉ ሴትዮዋ።

"ገና አላስተካከልኩትም!" አለ ሻጩና ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገ። አውቶቡሱ ፈተለከ። ጋሽ ፍሬን መስተዋቱን አዩ፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው።

"ሰዎቼስ?"

"እነሱን ቀነስኳቸው ፋዘር። ካርዱን የሚያደክሙት እነሱ ናቸው።"

"ሰው አውርደህ ዛፍ ትጭናለህ?" ጋሽ ፍሬን ብድግ አሉ። "በል መልሳቸው! ዛፉን አውርድ!"

ዛፉ ወረደ። ጥላው ወረደ። ዝናቡ፣ ደመናው፣ ኩሬው ላይ የሚያብለጨልጨው ነገር፣ የሕንፃዎቹ መስኮት፣ ሁሉም ተራ በተራ ወረዱ። ከተማዋ ተላጭታ የወጣች መሰለች፤ ሰማዩም የቤት ግድግዳ ቀለም ሆኖ ቀረ። ተሳፋሪው ግን ሙሉ ነው፤ ቆሞ የሚሄድም አለ።

ጋሽ ፍሬን ወደ ዳገቱ ዞሩ። ፋኑ ጮኸ፤ ከሦስት ሱቅ በላይ ያለ ሰው አውሮፕላን ያረፈ መስሎት ወጥቶ አየ። ቀኝ እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር ይሠራል። የመጀመሪያው መታጠፊያ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። የመጨረሻው ላይ፣ አናቱ ሲታይ፣ አውቶቡሱ ድንገት አንዴ ቀጥ ብሎ ዘለለ።

ጋሽ ፍሬን አናቱ ላይ ደርሰው ፍሬን ያዙና እጃቸውን ከፊደሎቹ ላይ አነሱ። ዞር ብለው ለማየትም አልደፈሩም። ልጅቷም ሻጩም ሴትዮዋን አዩ።

ሴትዮዋ ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ የባላቸውን ማጅራት አዩ፤ በመስተዋት ሳይሆን ከኋላ ሲያዩት የኖሩትን ማጅራት።

"እሱ ጉድጓድ ነው" አሉ።

"ማዘር፣ ጌሙ ላይ ጉድጓድ የለ..." ብሎ ሻጩ ሊጀምር ሲል፣

"ጉድጓድ ነው አልኩህ! መንገዱን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ? ይልቅ ለሞተው ባትሪ ስንት ትቀንሳለህ?"

ላፕቶፑ ሳሎን ገባ። ከሶኬቱ ርቆ ስለማይሠራ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ ሆነ፤ ሶፋው ፊት ለፊት፣ ምንጣፉ የተበላበት ጋ። ሴትዮዋ ለመታዘብ ያህል ከጎናቸው ተቀመጡ። በተቀመጡ ቁጥር የተሰበረው ሞላ ጋሽ ፍሬንን ወደ ላይ ያነሳቸዋል፣ እሳቸው ሲወርዱ ሚስታቸው ይነሳሉ።

"የኋላ ጎማ ላይ ያለው ወንበር!" አሉ ጋሽ ፍሬን ዓይናቸው እያበራ።

"ወደፊትህ እይ" አሉ ሴትዮዋ። "ያ ባለኮፍያው አልከፈለም።"

የሚቀጥለው ደመወዝ ሲወጣ ልጅቷ ሜትር የያዘ ሶፋ ሠሪ ይዛ መጣች። አባትና እናት የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ነበሩ፤ ሰውየው ሜትሩን ሲዘረጋ ሁለቱም በአንድ ድምፅ "እንዳትነካው!" ብለው ጮኹ።

"እማ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ሶፋ ሶፋ ስትዪ የነበርሽው?"

"አሁን መንገድ ላይ ነን፤ ተቀመጪ" አሉ እናቷ ጠጋ ብለው።

ልጅቷ ተቀመጠች። ሞላው ሦስቱንም አንጓልሎ አስቀመጣቸው። እናቷ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ መዳፋቸውን ዘረጉላት።

"ምንድን ነው እማ?"

"ትኬት።"

"ልጃችሁ እኮ ነኝ!"

"እሱን ለሾፌሩ ንገሪው" አሉ ሴትዮዋ። "እኔ ጋ ሁሉም ይከፍላል።"