በተማሪ በር የሚገባ ባል

ጎረቤቴን ሰፈሩ «ፈጣኑ» ይለዋል። በጉብዝናው ወራት፣ ጣቶቹ ታይፕራይተር ላይ ሲበሩ የወጣለት ስም ነው። ዛሬ መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ የሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ግን ስሙን አላስከበረለትም። አብርቶት፣ ሱቁን ጠርጎ፣ ወንበሮቹን አውጥቶ ሲመለስ እንኳ ስክሪኑ ላይ ያቺ «ቆይ ጠብቅ» የምትል ክብ ምልክት ገና ትሽከረከራለች።

«ፈጣኑ፣ ማሽንህ ፊቱን እየታጠበ ነው?» ይሉታል ባለጉዳዮች።

አንድ ቀን ማሽኑ እንዲቀለው ብሎ ሲያጸዳ፣ የማያውቃቸው እልፍ ጥቃቅን ፋይሎች አገኘ። ቆሻሻ መሰሉትና ደመሰሳቸው። በማግስቱ ማሽኑ ጭራሽ ባሰበት። የኮምፒውተር ጠጋኟን ሲያስጠራት እኔም ተራ ይዤ ተቀምጬ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለችው እየሳቀች። «ይሄ እኮ ማስታወሻው ነው። ጠዋት መጀመሪያ ምን እንደሚከፍቱ፣ የከፈቱት ፕሮግራም የትኞቹን ፋይሎች በምን ተራ እንደሚፈልግ እያየ ይይዛል። በነጋታው ታዲያ ሳይጠየቅ ቀድሞ ያቀርባቸዋል። አሁን ሁሉንም እንደ አዲስ እየፈለገ ነው።»

«አጠፋሁ በይኛ!»

«አይዞዎት፤ እንደ ልማድዎ ይሥሩ። ጥቂት ቀን ካየዎት መልሶ ይማራል።»

ፈጣኑ አልሳቀም። ወደ ቤት ስንመለስ «የነገረችኝ እኮ የእኔን የጠዋት ሥራ ነው» አለኝ።

ባለቤቱ መምህርት ነበረች። የመርሳት ሕመም ከያዛት ወዲህ የት እንዳለች ሳታውቅ ትነቃለች፤ ባሏንም «አንተ ሰውዬ፣ ማን አስገባህ?» ብላ ትጮኽበታለች። ስለዚህ እሱ ቀድሞ ይነሣና መጋረጃውን በግማሽ ይገልጣል። ጠመኔ የጠገበ አሮጌ ጋዋኗን ዓይኗ መጀመሪያ በሚያርፍበት በበሩ ጀርባ ይሰቅላል። የተቦጫጨቁ የትምህርት መጻሕፍቷን ከራስጌዋ ይከምራል። ከዚያ ወጥቶ በር ላይ ይቆማል። ጋዋኑን ታያለች፣ መጻሕፍቱን ትዳስሳለች፣ ወደ በሩ ቀና ትላለች።

«አረፈድክ!»

«ይቅርታ መምህርት።»

«ግባ፤ ሁለተኛ እንዳይለምድህ!»

ከተቀመጠ በኋላ ትኩር ብላ ታየውና በስሙ ትጠራዋለች። ወደ ትዳሩ የሚገባው በተማሪ በር ነበር ማለት ነው። ሰው ትዝታው ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። እኔ ግን፣ በእርጅናዬ፣ ግማሹ በር ጀርባ የተሰቀለ መሆኑን ከዚህ ቤት ተማርኩ።

በዚያው ሰሞን ልጃቸው እናቷን ልትጠይቅ ከሩቅ መጣች። አባቷ ሱቅ በዋለበት ክፍሉን አጠበች፣ አዲስ መጋረጃ ሰቀለች፤ ጋዋኑንና መጻሕፍቱን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ሰጠች።

«አባዬ፣ መጋዘን እኮ ሆኖ ነበር! እማዬ ትንሽ አየር ታግኝ ብዬ ነው» አለችው።

ሊቆጣት አፉን ሲከፍት ማሽኑ ትዝ አለው። የራሱ እጅ የሠራውን በምን አንደበት ይቆጣል? «እጅሽ ይባረክ» አላትና ወጣ። የቆሻሻውን መኪና ግን አልደረሰበትም።

አዲስ ጋዋን ገዛ። ጠመኔ ነሰነሰበት፤ እጅጌውን አሸት አሸት አደረገው። ንጋት ላይ ባለቤቱ ጋዋኑን እንደ ግድግዳ አይታ አለፈችው።

«አረፈድኩ፣ መምህርት» አላት ከበሩ።

«የምን መምህርት? ሰውዬ፣ ውጣልኝ!»

ልጅቷ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ አለቀሰች። ጥፋቷን የነገራት አልነበረም፤ ግን ገባት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሱቁ ስደርስ ማሽኑን ገና መክፈቱ ነበር። ወንበር ሳያወጣ መጻፊያው ገጽ ብቅ አለ። ባለጉዳዮቹ አጨበጨቡ።

«ይኸው፣ አሁን ስምህን አገኘህ!»

«ጠጋኟ እውነቷን ነው፤ ሲያየኝ ሰንብቶ ተማረ» አላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለቤቴም እኮ በየቀኑ ታየኛለች።»

ወንበሮቹን አወጣሁለት።