መርፌው ካለቀ በኋላ የመጣው ደም

መጀመሪያ የወር አበባዬ መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ቀርቶብኝ ስለነበር ሲመጣ ደስ አለኝ። ሳምንት አለፈ፤ አልቆመም። ሌላም ሳምንት አለፈ። ሽንፋ ወንዝ አጠገብ ሰሊጥ እያጨድን ስለነበር ለማንም ሳልናገር ሥራዬን ቀጠልኩ። አንድ ቀን ነዶ እንደታቀፍኩ ወደቅሁ። ስነቃ ቀሚሴ በደም ርሷል።

ከዚያ ወዲያ መቆም አቃተኝ። ልቤ ይደልቃል። ከንፈሬ ነጣ። ልሞት ነው አልኩ።

ባለቤቴ አያሌው በበቅሎ ጭኖ መተማ፣ ሐጂያ ዘይነብ ቤት አደረሰኝ። ሐጂያ ሰሊጣችንን የሚገዙን ነጋዴ ናቸው፤ ሱዳን ውስጥ ዘመድ አላቸው። የዓይኔን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ይቺ ልጅ ደሟ አልቋል። ገዳሪፍ እኔው ራሴ ይዣት እሄዳለሁ» አሉ። ጣሊያን መተማን፣ እንግሊዝ ገላባትን የያዙበት ጊዜ ነው፤ ነጋዴ ግን ይሻገር ነበር። አያሌው ሰሊጡ ሳይረግፍ ሊሰበስብ ተመለሰ። እኛ ድንበሩን አልፈን ገላባት ላይ የጭነት ሎሪ ተሳፈርን።

የገዳሪፉ ሐኪም ሶርያዊ ነበር። በዓረብኛ ይናገራል፤ ሐጂያ ይተረጉሙልኛል። መድኃኒት ከማንሳቱ በፊት ብዙ ጠየቀኝ። አርግዤ እንደሆነ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ፣ እግሬ አብጦ ያውቅ እንደሆነ። ጡቴን ዳሰሰ፣ ማሕፀኔን መረመረ። አፈርኩ፤ ግን ተመረመርኩ።

«ዕጢ አላገኘሁም፤ ጽንስም የለም» አለ በመጨረሻ። «ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን አለ። ያንቺ ሰውነት በጊዜው አላመነጨውም። ስለዚህ የማሕፀንሽ ውስጠኛ ሽፋን ይወፍራል፣ ሥርዓት አጥቶም ይደማል። የጎደለውን በመርፌ እሰጥሻለሁ።»

መድኃኒቱ አዲስ ነው፣ ከካይሮ የመጣ ነው አሉኝ። ወፍራም ስለሆነ ሐኪሙ ብልቃጧን በእጁ አሙቆ ነበር የሚወጋኝ። በምን እንደተበጠበጠ ሐጂያ ጠየቁልኝ። «በሰሊጥ ዘይት» አለ። ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅሁ።

መርፌውን በየቀኑ ወሰድኩ። ዳሌዬን ያመኛል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ደሙ ግን ቀነሰ፣ ከዚያም ቆመ። ስንሰናበት ሐኪሙ ሐጂያን አስቀምጦ ቃል በቃል አስተረጎማቸው። «ከጥቂት ቀን በኋላ ደም ይመጣል። አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ ስለሠራ ማሕፀንሽ የወፈረውን ሽፋን ሲጥል ነው። ሳምንት ሳይሞላ ይቆማል። እስከዚያ ሌላ መድኃኒት እንዳትጨምሪ። ካልቆመ፣ ራስሽን ካሳተሽ፣ እግርሽ ካበጠ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ቶሎ ነይ።»

ቤቴ ገባሁ። ደሙ መጣ። ብዙ ነበር። ቁርጠቱ አጎበጠኝ። አያሌው ፊቱ አመድ መሰለ። ወጥቶ ሄደና ከገበያ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ።

«ደም ያቆማል ብለውኛል። ጠጪው።»

«ሐኪሙ ይመጣል ብሏል፣ አያሌው። ምንም አትጨምሪ ብሏል።»

«ሐኪሙ ገዳሪፍ ነው! የምትሞቺብኝ እኔ ፊት ነው!»

እኔም ፈርቻለሁ። ሐጂያ በትርጉም ተሳስተው ቢሆንስ? ጠርሙሱን አየሁት። አልጠጣሁትም። «እስከ ሳምንቱ ታገሠኝ። ራሴን ከሳትኩ ግን ሎሪ ላይ ጫነኝ እንጂ ይህን አታጠጣኝ» አልኩት። አጠገቤ ቁጭ አለ። ውሃ አጠጣኝ። ደሙ ሳሳ። ከዚያ ቆመ።

አያሌው ደሙ መቆሙን ስነግረው መጀመሪያ አላመነም፤ ሲያምን ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ፣ ጠርሙሱንም አንስቶ ከጓሮ ደፋው። ሐኪሙ የሰጠኝን የብረት መድኃኒት እየዋጥኩ፣ ጉበትና ጎመን እየበላሁ፣ መጀመሪያ እስከ ደጅ፣ ቀጥሎ እስከ ወንዙ መራመድ ጀመርኩ፤ ከንፈሬም ቀስ በቀስ ቀለሙ ተመለሰ። በተከታዩ ወር የወር አበባዬ በጊዜው መጣ፣ በጊዜው ሄደ፤ ይህን ያህል ተራ ነገር ሰውን እንዲህ ሊያስደስት ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ፈጣሪዬን፣ ሐጂያ ዘይነብን፣ ያንን ሐኪም ሁሌም አመሰግናለሁ። እንደኔ ደም ለሚፈሳችሁ እህቶቼ የምለው ይህን ነው። ሳትመረመሩ ፕሮጄስትሮንን አትውሰዱ፤ ደም ሁሉ ምክንያቱ አንድ አይደለምና። የጉበት ሕመም፣ የደም መርጋት፣ የጡት ዕጢ ካለባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። እኔን አዳነኝ ብላችሁም የኔን መድኃኒት አትዋሱኝ፤ ብዙ ሴቶች ጠይቀውኛል፣ ሁሉንም ወደ ሐኪም ልኬያቸዋለሁ። ከሐኪም ስትለዩ ደግሞ «ከዚህ በኋላ ምን ይገጥመኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ባለቤታችሁ ባለበት ስሙት።